ነገራ በፖስታ

ተኝቼ ነበር ብል ውሸት ነው፤ ነቅቼ ነበር ብልም ያው ውሸት ነው። ከዓርብ ማታ ጀምሮ በዚህ ጠባብ አልጋ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ ከራሴ ጋር ስከራከር እነሆ እሑድ ነጋ፤ ነጋ ማለትም አይቻል፣ እዚህ ጀርመን አገር በሰኔ ፀሐይ መጥለቅ ትጠላለች፣ መጋረጃውን ብዘጋው በጠርዙ ትገባለች፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው ባዞር ቀድማኝ እዚያ ትጠብቀኛለች። ቢቸና ይኼኔ ጭጋግና ዝናብ ነው፣ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ነገ ሰኞ ልጄ ሰብለ ወንጌል በዚያ ጭቃ ሄዳ የስድስተኛ ክፍል ፈተና ትቀመጣለች። ካለፈች ወደ ሰባተኛ ትሄዳለች። ከወደቀች ለጥር ሞጣ ትዳራለች፤ ነገሩ አልቋል፣ ቃል ተሰጥቷል፣ ቃሉንም የሰጠሁት እኔ ነኝ። እንድትወድቅ አድርጎ ያስተማራትስ ማን ነው? እሱም እኔው። አባቷ ደምለው፣ የደብረ ወርቅ የቅኔ ተማሪ፣ ዕውቀት ሞልቶ የፈሰሰበት ሰውዬ። ይህን ደግሞ እሷ አታውቅም። ለማሳወቅ ያለኝ አንድ ስልክ ነው፣ እሱም እስኪጠራ ድረስ መጠበቅ እንጂ መጥራት አልችልም።

ስልኩ ከክፍሌ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ነው። የቤቱ ባለቤት ፍራው ክራውዘ መዘወሪያው ላይ ትንሽ ቁልፍ አንጠልጥላበታለች፤ እኔን ጠርጥራ አይደለም፣ እዚህ አገር ቁልፍ የሌለው ነገር የለም። ትናንት ጠዋት ቁልፉን ከፍታ፣ እኔ እየነገርኳት እሷ እየጮኸች፣ የሩቅ ጥሪ ለሚያገናኙት አስመዘገበችልኝ። ከተማው አዲስ አበባ ነው? አይደለም። አሥመራ ነው? አይደለም፣ ቢቸና ነው። ቢቸና በመጽሐፋቸው የለም። ፊደሉን አንድ በአንድ ቁጠርልን አሉ፣ ቆጠርኩ፣ እንደገና አሉ፣ እንደገና ቆጠርኩ። ኋላ አዲስ አበባ ለደብረ ማርቆስ ይነግራል፣ ደብረ ማርቆስ ለቢቸና ይነግራል፣ ቢቸና ስልክ ቤት ለልጅቱ የጥሪ ወረቀት ይልካል፣ እሑድ ቢቸና ላይ ሰባት ሰዓት ሲሆን ይጠብቁ፣ ሦስት ደቂቃ ነው፣ ተባለ። ቴሌግራም ለምን አትልክም አለችኝ ፍራው ክራውዘ። ቴሌግራሙ ደብረ ማርቆስ ድረስ ይመጣና ከዚያ የፖስታ መኪና ይጠብቃል፣ የፖስታ መኪናው ማክሰኞ ነው፤ ማክሰኞ ለልጄ ምን ይሠራላታል? ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼው ነው። እሷ ግን አባት ሆኖ የማይችለው ነገር መኖሩ ገርሟት ራሷን ነቅንቃ ቁልፉን መልሳ ቆለፈች።

ቆይ፣ ከሥሩ ልያዘው፣ አለዚያ ስልኩ ሲመጣ አፌ ይተሳሰራል። ቢቸና ሳለሁ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ ለባለ ጉዳይ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። አንድ ጀርመናዊ ዶክተር የብራና መጻሕፍት ሊያይ ደብረ ወርቅ ሲመጣ ግዕዙን የሚፈታለት ሰው ፈለገ፣ እኔን አሳዩት፣ አንድ ክረምት አብሬው ከረምኩ፣ ሲሄድ አንድ ዓመት ብቻ ብሬመን ናና አግዘኝ አለኝ። ይኸው ሦስት ዓመቴ። ዶክተሩ ደግ ሰው ነው፣ አይካድም። ጠዋት ጠዋት ፎቶግራፍ የተነሣ ብራና ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፣ ይህ ቃል እዚህ ለምን ገባ ይለኛል፣ እነግረዋለሁ፣ አልገባኝም ይላል፣ በሌላ መንገድ እነግረዋለሁ፣ ሲገባው እንደ ልጅ ጉልበቱን ይመታል። የሃምሳ ዓመት ሰው አጠገቡ ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ አስተምራለሁ፤ የገዛ ልጄን በወር አንዴ፣ በፖስታ። ባለፈው የውጭ አገር ሰው የሚመዘገብበት ቢሮ ሄጄ ቅጹ ላይ ልጅ አለዎት ወይ ይላል። አለ ብዬ ጻፍኩ። ከእርስዎ ጋር ትኖራለች ወይ ይላል። አትኖርም አልኩ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችኝና እንግዲያ እዚህ ቦታ አይሞላም ብላ በማስመሪያ ሠረዘችው። ትክክል ናት፣ ምን ትበል።

ጥፋቱ የጀመረው ግን እዚህ አይደለም፣ እዚያው ቤቴ ነው። ቅኔ ቤት ያደገ ያውቀዋል፤ ተማሪ ቀን ብቻውን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ከራሱ አውጥቶ ይገጥማል፣ ሲመሽ የኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል፣ ነገራ ይባላል። የትናንቱን ዛሬ ይዞ የቀረበ ወይም የጓደኛውን የተናገረ ሰው ከሰው አይቆጠርም። አንድ ቀን ራሴን አሞኝ መቁጠር ቢያቅተኝ የጓደኛዬን ቅኔ ሁለት ቃል ለውጬ ተናገርኩ። የኔታ ሣህለ ማርያም አልመቱኝም፣ አልሰደቡኝምም፤ ዝም ብለው አዩኝና "የማን ልጅ ነህ አንተ?" አሉኝ፣ አራት ዓመት እግራቸው ሥር የተቀመጥኩትን። ያችን ባስታወስኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል። እና ሰብለ ወንጌል ትምህርት ቤት ስትገባ፣ እኔ የማውቀው ማስተማሪያ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ለእሷም ነገራ አቆምኩላት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን እቀበላትና እቀመጥበታለሁ፤ ቀልድ አይደለም፣ በእውነት እቀመጥበታለሁ፣ ሚስቴ ባንቺዓለም ትስቅብኛለች። መምህርሽ ምን አሉ ብዬ አልጠይቃትም። ምን ገባሽ ነው የእኔ ጥያቄ። የመምህሯን ቃል እንዳለ ስትመልስልኝ "ይኼ የሰው ነው፣ የራስሽን አምጪ" እላታለሁ። ሁለተኛ ክፍል ሳለች ዘር ለመብቀል ውሃ፣ አየርና ሙቀት ያስፈልገዋል ብለዋቸዋል፤ እሷ ጣቷን እየጠባች ብዙ አሰበችና "ዘር እንግዳ ነው፣ ውሃ ስጡት፣ አታፍኑት፣ ብርድ ላይ አታሳድሩት" አለችኝ። ስምንት ዓመቷ ነው። ተነሥቼ ሳምኳት። ያን ቀን መነሣት አልነበረብኝም፣ ያን ቀን ደብተሯን ከሥሬ አውጥቼ አንብቢ ማለት ነበረብኝ፤ ማን ነግሮኝ።

ልሄድ ስል ባንቺዓለምን ነገራውን አንቺ ተቀበያት አልኳት። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። "እኔ ምን አውቄ?" አለች። "ጥሩው እሱ ነው፣ ላንቺ እስኪገባሽ አትልቀቂያት" አልኳት። ሚስቴ የያዘችውን አትለቅም፣ ይህም እንዲሁ ሆነ። ጥጥ እየፈተለች ልጅቷን ፊቷ ታቆማለች፣ ያልገባትን አልገባኝም ትላለች፣ ልጅቷ ሌላ መንገድ ትፈልጋለች። ምድር ትዞራለች ያሏቸው ጊዜ አራት ቀን ተከራክረዋል፤ ብትዞርማ እንስራው ይደፋ ነበር ብላ እናትየዋ እንቢ፣ ልጅቷ እማዬ በቅሎ ላይ ተቀምጠሽ ስትሄጂ ጉልበትሽ ላይ ያለው እንቅብ ይደፋል ወይ፣ አብሮ ይሄዳል እንጂ፣ እናትየዋ በቅሎዋ ስትደናቀፍስ፣ ልጅቷ ምድር አትደናቀፍም፣ እናትየዋ ይህን ማን አየ። ይህን ሁሉ ሰብለ በደብዳቤ ጽፋልኝ እዚህ ኮሪደር ላይ ቆሜ ብቻዬን ስስቅ ፍራው ክራውዘ በሯን ከፍታ አይታኛለች። የቤት ሥራዋን ትልክልኛለች፣ አንብቤ ከጎኑ እጽፍበታለሁ፣ እመልሳለሁ። መንገዱ ወር ከምናምን ነው። ስለ ሳንባ የጠየቀችኝን ስመልስላት እነሱ ሳንባን ጨርሰው ካርታ ላይ ደርሰዋል፤ ስለ ካርታ ስጽፍ ክፍልፋይ ገብተዋል። ሁልጊዜ ከኋላ ነኝ። ደግሞ ለባንቺዓለም የምጽፈውን የምታነብላት ያችው ልጅ ናት፣ በቤቱ ሌላ ፊደል የሚያውቅ የለም፣ ስለ ልጅ ከልጅ ተደብቆ አንድ ቃል መጻፍ አይቻልም። በጥቅምት መምህሬ ነጥብ ይቀንሱብኛል ብላ ብትጽፍልኝ ምን ብዬ መለስኩ? ቅጂው እንኳ የለኝም፣ ግን በቃሌ አውቀዋለሁ። "በፈተናም ቢሆን የሰው ቃል አትጻፊ፣ የእኔ ልጅ ከሆንሽ።" እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፣ አሸግኩ፣ ቴምብር ለጠፍኩ። የእኔ ልጅ ከሆንሽ። ምን ቤት ነኝ እኔ?

አማቴ አለቃ አካለ ወልድ በታኅሣሥ ጻፉልኝ፣ የራሳቸው እጅ ነው፣ የሚያምር ቁም ጽሕፈት። ክፉ ሰው አይደሉም፣ እንዲያውም ትምህርት ቤት ስትገባ ትንሽ አጉረምርመው ዝም ያሉ ሰው ናቸው። ከሞጣ ሽማግሌ ተልኮ መጥቷል፣ ሰዎቹ የደህና ሰው ዘር ናቸው፣ ልጅቷ አሥራ ሦስት ሞላት፣ አንተ ባሕር ማዶ ነህ፣ እኔ አረጀሁ፣ እሺ ልበላቸው ወይስ እንቢ፣ አሉኝ። እንቢ ይበሉልኝ ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ናት። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ከሩቅ ኖሬ በሰው ቤት ጉዳይ እንደሚገባ ሰው ሆኜ እንቢ ለማለት አፈርኩ፣ ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁ፣ ልጄን አውቃታለሁ፣ በእኔ ነገራ ያደገችን ልጅ የትኛው ፈተና ይጥላታል ብዬ ኮራሁ። እና ምን ጻፍኩላቸው? አባቴ ሆይ፣ የስድስተኛን ፈተና ካለፈች ትምህርቷን እስክትጨርስ ድረስ ሽማግሌ ደጅዎ አይድረስ፣ ከወደቀች ግን እርስዎ እንዳሉት ይሁን፣ ቃሌ ነው። ቃሌ ነው ብዬ ከሥሩ ሁለቴ አሠመርኩበት። አማቴም ይህ የሰው ቃል ነው ብለው ለሞጣ ሰዎች ነግረው ሽማግሌዎቹን ወደ ሰኔ አሻገሯቸው። ካፍ ከወጣ አፋፍ። በልጁ የተወራረደ አባት ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ አንድ አለ፣ እሱም ዮፍታሔ ነው፣ መጨረሻው አላማረም፤ ይህን ለዶክተሩ ባለፈው ዓመት እኔው አንብቤለታለሁ፣ እኔው ተርጉሜለታለሁ።

ከዚያ ዓርብ ማታ ያች ደብዳቤ መጣች። ከመምህር ደሴ ናት፣ ከሰብለ መምህር፣ ወጣት ነው፣ አላውቀውም። ለክቡር አቶ ደምለው፣ ጤናዎ እንደምን ነው ብሎ ይጀምራል፣ አክብሮቱ ያስፈራል። ልጅዎ ካስተማርኳቸው ሁሉ የበለጠ ይገባታል፣ ይህን በእግዚአብሔር ፊት እናገራለሁ፣ ግን የምታልፍ አይመስለኝም ይላል። የሚያርሙት ሰዎች ልጆቹን አያውቁም፣ የተላከ የመልስ ወረቀት ይዘው ነው የሚያርሙት፣ ቃሉ ከገጠመ ልክ፣ ካልገጠመ ስሕተት፤ እኔ አዝኜ ግማሽ እሰጣታለሁ፣ እነሱ ማንን ብለው ያዝናሉ ይላል። ከዚያ የመንፈቅ ፈተናዋን ገልብጦልኛል። ዓባይ ከየት ይነሣል? ልጄ የጻፈችው፦ ዓባይ ከግሽ ዓባይ ይነሣል፣ ጣና ላይ ግን እንደ መንገደኛ ነው፣ ውሃ ለውሃ ሳይቀላቀል ሰላም ብሎ ያልፋል። ወረቀቱ ላይ የሚፈለገው፦ ከጣና ሐይቅ። ስሕተት። ውሃ ሲፈላ ምን ይሆናል? ልጄ፦ ክብደቱን ይተውና ይሄዳል፣ ክዳኑ ጋ ሲደርስ ይበርደውና ሐሳቡን ለውጦ ይመለሳል። ወረቀቱ፦ ወደ ተን ይለወጣል። ስሕተት። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ገጽ። "የሰሌዳውን ቃል ለምን አትጽፊም ስላት አባቴ ከልክሎኛል አለችኝ" ይላል መምህር ደሴ፣ "የተማረ አባት እንዲህ አይልም፣ ዋሸሽ ብዬ ልጅቷን አንበረከክኋት፤ ደብዳቤዎን አምጥታ ስታሳየኝ አፈርኩ። ጌታዬ፣ ፈተናው ሰኞ ሰኔ አሥራ ሁለት ነው፣ እኔን አትሰማኝም፣ እርስዎ አንድ ቃል ይጻፉላት።" በግንቦት መጀመሪያ የጻፈው ነው። ምን እንዳደረግኩ ልናገር? መጀመሪያ ሳቅሁ። ውሃው ሐሳቡን ለውጦ ሲመለስ ጊዜ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፣ ይኼማ ለዶክተሩ የሚነገር ነው አልኩ። የመጨረሻውን መሥመር ካነበብኩ በኋላ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ፣ ከዚያ ወዲህ ነው እንቅልፍ የለኝም የምለው።

ተንበርክካለች። ጥፋት የሌለባት ልጅ፣ በእኔ ደብዳቤ ምክንያት፣ ጓደኞቿ እያዩ። ይህንን ለእኔ አልጻፈችም፣ ለእናቷም እንዳልነገረቻት አውቃለሁ፣ ብትነግራት ባንቺዓለም ትምህርት ቤቱን ትቀውጠው ነበር። ያለፈው ደብዳቤዋ ምን ይላል? ትራስ ሥር ነው፣ አውጥቼ አነባለሁ፤ አባዬ አታስብ፣ ሁሉም ደህና ነው፣ ነገራውን አላቋረጥንም፣ እማዬ የደም ዝውውር ገብቷታል ይላል። እኔስ ምንድን ነኝ፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፣ እንደኔ ያለውን አባት ነው እንዲህ ያሉት። አሁን በሦስት ደቂቃ ምን ልላት ነው? ያልኩሽን ሁሉ ተይው ልበላት? ስድስት ዓመት የሠራሁትን ቤት ነገ ጠዋት ልትገባበት ስትል አፍርሺው? ወይም እንዲህ ልበላት፤ ሰብለ፣ ለነገ ብቻ፣ የመምህር ደሴን ቃል እንዳለ ጻፊ፣ አንዲት ፊደል ከራስሽ አትጨምሪ፣ ካለፍሽ በኋላ ለእናትሽ የራስሽን ትነግሪያታለሽ። አዎ፣ እንዲህ ይሻላል። ለነገ ብቻ። ስርቆት አይደለም ወይ ብትለኝ? አይደለም፣ ብድር ነው እላታለሁ፣ የተበደሩትን ይመልሳሉ። ደብተሩ ትዝ ይላታል ግን? ስቀመጥበት የኖርኩትን ደብተር በአንድ ሌሊት አጥንታ ትጨርሳለች? ትችላለች፣ ጎበዝ ናት፣ ለእሷ ቃል ማጥናት ምን ያህል ነው። እናቷን ደግሞ ዛሬ ነገራ ይቅር፣ ደብተሩን አንብቢ በያት ማለት አለብኝ። ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ሰላምታውን ካሳጠርኩት ይበቃል፤ ብቻ ሰላምታን የሚያሳጥር ጎጃሜ የት ይገኛል?

ወጥ ቤቱ ውስጥ የፍራው ክራውዘ የልጅ ልጅ ድምፅ ይሰማኛል፣ እሑድ እሑድ ትመጣለች፣ ከሰብለ በሁለት ዓመት ታንሳለች። በሥራ ቀንም ከቀትር በኋላ እዚያው ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ አያትየዋ አጠገቧ ተቀምጣ ድንች እየላጠች በአንድ ዓይኗ ደብተሩን ታያለች፣ ስትሳሳት በቢላዋው ጫፍ ታመለክታለች፣ ሌላ ምንም የለም፣ መላ የለም፣ ቅኔ የለም፣ ተቀምጦ ማየት ብቻ። አንድ ቀን ማካፈል አስቸግሯት እኔም ገብቼ ባቄላ ዘርግቼ አሳየኋት፣ ገባት፣ አያትየዋ አመሰገነችኝና መጽሐፉ በሚለው መንገድ ደግማ አሠራቻት። ያን ጊዜ ተቀየምኩ። አሁን እየገባኝ ነው፤ ነገ ደብተሩን የምታርመው መምህርቷ ናት፣ ሴትዮዋ ይህን ታውቃለች፣ ልጅቷ ከእኔ ባቄላ ጋር ትምህርት ቤት ብቻዋን እንድትቆም አልፈለገችም። እኔ ግን ልጄን ብቻዋን አቆምኳት፣ አቁሜም ሄድኩ። የዛሬ ሦስት ዓመት አውቶቡሱ ጋ ቆማ ነበር፣ አታለቅስም፣ ባንቺዓለም ታለቅሳለች፣ ሰብለ መኪናው ሲነሣ ምን ብዬ ልናገር ማታ እያለች ትጠይቀኛለች፣ የመኪናው ጢስ በመሐላችን ገባ፣ የመለስኩላት አይመስለኝም።

ይጮኻል። ስልኩ ነው። ፍራው ክራውዘ ከእኔ ቀድማ ደርሳለች፣ ሄር ደምለው፣ ሄር ደምለው፣ እያለች መያዣውን በሁለት እጇ እንደ ሕፃን ታቅፋ ትሰጠኛለች። መጀመሪያ በጀርመንኛ አንድ ነገር ተባለ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ የአንዲት ስልከኛ ልጅ ድምፅ፣ ደብረ ማርቆስ ነኝ፣ መሥመሩ ቀጭን ስለሆነ ካልተሰማማችሁ እኔ አቀባብላችኋለሁ፣ ይናገሩ፣ ቢቸና ገብታለች አለችኝ። ግድግዳውን ተደገፍኩ።

"ሰብለ?"

"አቤት አባዬ። እንደምን ሰነበትህ? ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ?"

"ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ስሚኝ፣ ጊዜ የለንም። ነገ ፈተናው ላይ..."

"የምን ነገ?"

"ነገ ሰኞ። ሰኔ አሥራ ሁለት።"

መሥመሩ ውስጥ ነፋስ ነፈሰ። ከዚያ ሳቋን ሰማሁት፣ የሚያዝንልኝ ዓይነት ሳቅ፣ ለሽማግሌ የሚሳቅ። "አባዬ፣ ነገ እኮ ሰኔ ሚካኤል ነው።"

ሰኔ ሚካኤል። ድፍን ጎጃም ሞፈር የማያነሣበት ቀን። ያደግኩበት፣ የዘመርኩበት፣ ማኅሌት ቆሜ ያደርኩበት። ከዓርብ ጀምሮ ሰኔ አሥራ ሁለት፣ ሰኔ አሥራ ሁለት እያልኩ ስንከባለል አንድ ጊዜ እንኳ ሚካኤል የሚለው ስም በአፌ አልዞረም። ደብተራ ነኝ ባዩ። ልጅቷ ትቀጥላለች፣ የከተማው ሰው በታቦቱ ቀን ልጆቻችን አይፈተኑም ብሎ ተሰብስቦ ሄደ፣ ሹሞቹም እሺ አሉ፣ ስለዚህ አስቀድመው ዓርብ ፈተኑን። ዓርብ። ዓርብ ማታ ያች ደብዳቤ እጄ ስትገባ እሷ ጨርሳ ወጥታ፣ ቤቷ ገብታ፣ ምናልባት እራቷን በልታለች። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ፣ ብድሩም፣ ለነገ ብቻ ያልኩትም፣ አፌ ውስጥ ቀረ።

"እንዴት ነበር?" አልኳት።

"ጥሩ ነበር። አንዲት ቃል የሰው አልጻፍኩም፣ አባዬ። መምህር ደሴ ልንገባ ስንል በር ላይ ይዘውኝ እባክሽ የሰሌዳውን ጻፊ አሉኝ። እኔ ግን የአባቴ ልጅ ነኝ አልኳቸው። ልንገርህ አንዱን? የአፈር መሸርሸር ምንድን ነው ይላል። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ አፈር ሳይሸጥ ሳይወረስ ባለቤቱን ጥሎ የሚሰደድበት መንገድ ነው፣ ጎርፍ ና ይለዋል፣ ዛፍ ቆይ ይለዋል፣ ዛፍ ከሌለ አማላጅ የለም።"

ደብረ ማርቆስ ያለችው ልጅ፣ እንድትሰማ ማንም ያልጠየቃት፣ ቀስ ብላ "ውይ" ስትል ሰማኋት። እኔ ምን ልበል? የኔታ መልካም ቅኔ ሲሰሙ አንዲት ቃል ነበረቻቸው፣ እሷን ለማግኘት ዓመት ጠብቄአለሁ፣ ከእሳቸው አፍ ሁለቴ ነው የሰማኋት። እንባዬ ፈሰሰ፣ ያች ቃል ከአፌ ወጣች።

"ይበል" አልኳት።

"ሰማሽ እማዬ? ይበል አለኝ" ስትል እሰማለሁ፣ መያዣውን ለእናቷ እየሰጠች ነው፣ አንድ ደቂቃ ቀርቷል ትላለች ደብረ ማርቆስ። ባንቺዓለም ስልክ ይዛ አታውቅም፣ ትጮኻለች።

"ደምለው፣ እንዴት ነህ? ይችን ልጅ ፊቷ በርቶ ሳየው ጊዜ ነው የተነፈስኩት። ደህና ሠርታለች ማለት ነው?"

"ጎበዝ ናት" አልኳት፣ እውነት ነው።

"እሰይ። አባባ እዚህ ደጁ ላይ ናቸው፣ እርጥቡን መሬት አልቀመጥም ብለው ቆመዋል። የሞጣ ሰዎች ነገ ለሚካኤል ይመጣሉ። ያ ቃልህ እንደጸና ነው ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብለውኛል። እኔ እንኳ ያስፈራኝ ነበር፣ ቃልህን አንሣ ልልህ ነበር፣ አሁን ግን ደፈርኩ። እንደጸና ነው ልበላቸው?"

አሁን ነው። ቃሌን አንሥቼዋለሁ፣ ሻርኩት፣ ተሳስቼ ነው፣ ለሞጣ ሰዎች እንቢ ይበሉ ብል ያበቃል፤ ሰው ይስቅብኛል፣ አማቴ ያፍሩብኛል፣ ይሁን። ብል ግን ልጄ ከመያዣው አንድ ክንድ ርቃ ቆማለች፣ አሁን ይበል ያልኳት ልጅ፣ አባቴ ቃሉን ያነሣው መውደቄን አውቆ ነው ትላለች፣ ያስተማረኝን እያወቀ፣ ያንበረከከኝን እያወቀ ይበል አለኝ ትላለች፣ እንዲህ አይነቱን ነገር ከእሷ ቀድሞ የሚገባው ሰው የለም። ፍራው ክራውዘ ቁልፏን ይዛ አጠገቤ ቆማ ታየኛለች። ባንቺዓለም "ደምለው? ሄሎ? ጠፋህ እንዴ?" ትላለች። ደብረ ማርቆስ ያለችው ልጅ መሥመሩ የተቋረጠ መስሏት "ጌታዬ፣ ቃልዎ እንደጸና ነው ወይ ይሉዎታል" ብላ ጥያቄውን በጠራ ድምፅ ደገመችልኝ።

"እንደጸና ነው" አልኳት።

እሷም ለቢቸና አቀበለች። ባንቺዓለም መያዣውን ከአፏ ሳታርቅ ወደ ደጁ ዞራ ለአባቷ "ጸንቷል አለ፣ አባባ" ስትል ሰማሁ፤ ሰዓቱ አልቆ መሥመሩ ተቋረጠ።